ካሜራ ያለው ክኒን ለእናቴ ይሆናል ወይ?

ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ሰፈር የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የደም ማነስ ከያዛት ዓመት ሊሞላ ነው። ሄሞግሎቢኗ 7.8 ገብቶ ደም ተሰጣት፤ ከፍ አለና እንደገና ወረደ። ጨጓራዋን በኢንዶስኮፒ፣ ትልቁን አንጀቷን በኮሎኖስኮፒ አይተው ምንም የለም አሉን። ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ ትወስዳለች። ከሰዓት በኋላ ጫት ትቅማለች። አሁን ሐኪሟ ካሜራ ያለው ክኒን ትዋጥና ትንሹ አንጀቷ ይታይ ብለዋል። ነገሩ ምንድን ነው? ሆዷ ውስጥ ቢቀርስ? ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠውን አስመጥተን እዚሁ ብትውጠውስ?»

ሐኪማቸው ያሉት ምርመራ ካፕሱል ኢንዶስኮፒ ይባላል። ከላይም ከታችም ታይቶ ምንጩ ላልተገኘ የደም መፍሰስ ዋነኛው መመርመሪያ ስለሆነ ሐሳቡ ትክክል ነው። የእኔ ጥያቄ ተራው ላይ ነው። ከጻፉት ሁሉ ዓይኔን የያዘው «ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ» የምትለዋ ግማሽ መስመር ናት። እሷ ሳትፈታ ካፕሱሉ ቢዋጥ ወይ ገንዘቡ ያላግባብ ይወጣል፣ ወይ የፈሩት መቅረት ይደርሳል።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ክኒን ይባል እንጂ መድኃኒት የለበትም። 11 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 26 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከ4 ግራም የማይበልጥ የፕላስቲክ ካፕሱል ነው። 500 ሚሊ ግራም አሞክሲሲሊን መዋጥ የሚችል ሰው ይህንንም ይውጠዋል፤ ርዝመቱ ከዚያ በትንሽ ነው የሚበልጠው፣ ወፈር ግን ይላል። አንደኛው ጫፉ ብርሃን የሚያሳልፍ ጉልላት ነው። ከጉልላቱ ኋላ ሌንስ፣ በሌንሱ ዙሪያ ነጭ ኤልኢዲ መብራቶች፣ ቀጥሎ ምስል የሚቀበል ቺፕ፣ ከዚያ የእጅ ሰዓት ዓይነት የብር ኦክሳይድ ባትሪዎች፣ በመጨረሻም ራዲዮ ማስተላለፊያና አንቴና ተደርድረዋል። የመጀመሪያዎቹ ካፕሱሎች በሰከንድ 2 ምስል እያነሡ 8 ሰዓት ያህል ይሠሩ ነበር፤ ይህም ከ50,000 በላይ ምስል ነው። አሁን ያሉት በሰከንድ ከ2 እስከ 6 ምስል ያነሣሉ፣ ካፕሱሉ ፈጠን ሲል እነሱም ይፈጥናሉ፣ ባትሪያቸውም 12 ሰዓት አካባቢ ይቆያል። ምስሉ በራዲዮ ሞገድ ወጥቶ ሆድ ላይ የተለጠፉ ወይም በቀበቶ የታሰሩ አንቴናዎች ይቀበሉታል፤ ከዚያ ትከሻ ላይ በተንጠለጠለ መቅጃ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል።

ሐሳቡ የመጣው የሚሳኤል ካሜራ ላይ ይሠራ ከነበረ ጋብርኤል ኢዳን ከተባለ እስራኤላዊ መሐንዲስ ነው። ለንደን ከነበረው የጨጓራና አንጀት ሐኪም ከፖል ስዌይንና ከሌሎች ጋር ሆኖ ውጤቱን በ2000 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ አወጣ፤ በዓመቱ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው። ፒልካም የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ የጃፓኑ ኢንዶካፕሱል፣ የኮሪያው ሚሮካምና ሌሎችም አሉ።

ጥቅሙ ያለው ሌላ መሣሪያ በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው። በአፍ የሚገባው ኢንዶስኮፕ ጨጓራን አልፎ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ብቻ ያያል። ከታች የሚገባው ኮሎኖስኮፕ ትልቁን አንጀት ጨርሶ፣ ሐኪሙ ከተጋ፣ የትንሹን አንጀት ጫፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል ይመለከታል። በሁለቱ መካከል በርካታ ሜትር ትንሽ አንጀት ሳይታይ ይቀራል። ካፕሱሉ የሚዋጠው ለዚያ ነው።

የማይችለውም አለ። ናሙና ቆርጦ አይወስድም፣ አያጥብም፣ አየር ነፍቶ አይከፍትም፣ የሚደማውን አይተኩስም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አያይም። አንጀት በገፋው መጠን ይሄዳል፣ ወደዞረበት ያያል። ጠባብ በሆነው ትንሽ አንጀት ውስጥ ይህ ችግር አይደለም፤ ሰፊ በሆነው ጨጓራ ውስጥ ግን እየተንከባለለ ግማሹን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። ከውጭ በማግኔት የሚመራ የጨጓራ ካፕሱል ተሠርቷል፣ ግን ሌላ ትልቅ ማሽን ይፈልጋል። ስለዚህ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ቱቦ መዋጥ ስለምፈራ ካሜራውን ልዋጥ» ለሚል ሰው ይህ መልስ አይሆንም። የጨጓራ ባክቴሪያም በካፕሱል አይታወቅም፤ ለእሱ የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ አለ፣ ዋጋውም አይገናኝም።

አሁን ወደ ዲክሎፌናኩ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲንና ዘመዶቻቸው ጨጓራን እንደሚያቆስሉ ብዙ ሰው ያውቃል። ትንሹንም አንጀት እንደሚያቆስሉ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቁስሉ ትንንሽና ብዙ ስለሚሆን ደሙ በዓይን ሳይታይ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል፤ ሕመምተኛው ሆዱን ሳያመው ብረቱ ያልቃል። መድኃኒቱ ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ ቁስሉ እየዳነና እየቆሰለ ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳው የአንጀቱን ክፍተት ዙሪያውን ይዞ እንደ ስስ መጋረጃ ያጠበዋል። ካፕሱል የሚቀረቀረው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳሉ። አንደኛው «መርፌው ጨጓራ አይነካም» የሚለው ነው። መድኃኒቱ በደም ስለሚዞር በመርፌም ቢገባ ጉዳቱ አይቀርም። ሁለተኛው «ኦሜፕራዞል አብሬ ስለምወስድ ምንም አይለኝ» ነው። ኦሜፕራዞል ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ይጠብቃል፤ ከዚያ በታች ያለውን አይጠብቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግሮ ዲክሎፌናኩን ማቆም ነው። ለጉልበቱ ፓራሲታሞል በቀን ከ3 ግራም ሳይበልጥ፣ የሚቀባ ጄልና የጭን ጡንቻ እንቅስቃሴ ይተካዋል። (ለልብ ወይም ለደም ሥር ታዞ የሚወሰድ አስፕሪን ካለ ግን ያዘዘው ሐኪም ሳያውቅ አይቋረጥ።) ጎን ለጎን ብረት ይጀመራል። ፌረስ ሰልፌት በቀን አንድ ፍሬ ወይም ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይበቃል፤ ቁጥሩን ማብዛት ሆድ ከማስቸገር ያለፈ ብዙም አይጨምርም። ከሻይና ከቡና ጋር ከተወሰደ አንጀት ብረቱን በደንብ አይወስደውም፣ ስለዚህ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ያህል ይኑር። ደም መፍሰሱ ከቆመና ብረቱ ከሠራ ሄሞግሎቢን በ3 እና 4 ሳምንት ውስጥ 2 ግራም ያህል ይወጣል። እንዲህ ከወጣና በወራቱ ውስጥ ካልወረደ መንስኤው ተገኝቷል ለማለት ይቀርባል፣ ካፕሱሉም ላያስፈልግ ይችላል። ባይወጣ ወይም ወጥቶ ቢወርድ የካፕሱሉ ተራ ደረሰ። ቁስል ቢታይ እንኳ የመድኃኒቱ ነው ወይስ የሌላ በሽታ የሚለውን ለመለየት ካፕሱሉ ከመዋጡ በፊት ማስታገሻው ቢያንስ 4 ሳምንት የቆመ ቢሆን ይመረጣል።

ይህን ስል አስቸኳዩን አላዘግይ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮና ተጣብቆ ከወጣ፣ ደም ከታየበት፣ ራሳቸውን ካዞራቸው፣ ቁጭ ብለው ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከያዛቸው መጠበቅ የለም፤ ያን ቀን ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ብረት የሚወስድ ሰው ሰገራው በብረቱም ይጠቁራል። የብረቱ ጥቁር ጠጠር ያለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው፤ የደሙ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሽታውም የተለየ ነው።

ሁለተኛው የሰገራ ምርመራ ነው፤ በጣም ርካሽ ነው፣ በርካሽነቱም ይዘለላል። መንጠቆ ትል ትንሹ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል፤ ሲበዛ ሰውን እስከ ብርቱ የደም ማነስ ያደርሳል። ውድ ካፕሱል ተውጦ በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ትል ሲወዛወዝ የታየበት ሕመምተኛ በሕክምና መጽሔቶች በተደጋጋሚ ተዘግቧል። መድኃኒቱ አንድ ፍሬ 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ነው። ትሉ እንቁላል የሚጥለው በየቀኑ በእኩል መጠን ስላልሆነ በተለያየ ቀን የተወሰዱ ሦስት ናሙናዎች ይታዩ። ድሬዳዋ ሙቀቱ ራሱን የቻለ ችግር ነው፦ ናሙናው ጠዋት ተወስዶ እስከ ከሰዓት ቢቀመጥ እንቁላሉ ይበላሻል፣ ውጤቱም በሐሰት «የለም» ይሆናል። በተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይግባ፣ የሚያየውም ሰው መንጠቆ ትል እየተፈለገ መሆኑን ይወቅ።

ሦስተኛው የኮሎኖስኮፒውን ወረቀት ማንበብ ነው። ሪፖርቱ መሣሪያው ሴከም (የትልቁ አንጀት መነሻ) መድረሱን፣ የትንሹ አንጀት ጫፍ መታየቱን ወይም አለመታየቱን፣ የአንጀቱን ንጽሕና ይናገራል። «ዝግጅቱ ደካማ ነበር» የሚል ካለበት ያ ኮሎኖስኮፒ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። የላይኛውም እንዲሁ፦ በካፕሱል የሚገኙ ደም አፍሳሽ ቁስሎች ጥቂት የማይባሉት መጀመሪያውኑ ተራው ኢንዶስኮፕ ሊደርስባቸው የሚችሉ ናቸው። ልምድ ባለው እጅ የላይኛውን መድገም አንዳንድ ጊዜ ከካፕሱሉ ይቀድማል፤ የሚያዋጣም እሱ ነው።

አሁን «ቢቀርስ?» ወደሚለው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፣ መጠኑን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ካፕሱል ቀረ የሚባለው ከተዋጠ በ2 ሳምንት ውስጥ ካልወጣ ነው። ለደም መፍሰስ ተብሎ ከሚውጡት ይህ የሚደርሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ነው። ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ሕመም እንዳለበት ከታወቀ ሰው ላይ ይጨምራል፤ ለዓመታት ማስታገሻ የወሰደ፣ ሆዱ የተቀደደና የተሰፋ፣ ሆዱ ላይ የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰውም አደጋው ከፍ ይላል። እኛ አገር በዚህ ላይ የአንጀት ቲቢ ይጨመራል። ቲቢ የሚወደው ቦታ ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበት ነው፤ ያቆስላል፣ ሲድን ደግሞ ያጠባል። የውጭ መመሪያ ላይ ስሙ ከታች በኩል ይገኛል፣ ሐረርጌ ለተቀመጠ ሐኪም ግን ከላይ መሆን አለበት።

እናትዎን እነዚህን ይጠይቋቸው፦ ከበሉ በኋላ ሆዳቸው እየተነፋ፣ እየጮኸ ቁርጠት ይይዛቸዋል? ሲያስመልሳቸው ወይም ጋዝ ሲወጣ ይቀላቸዋል? ክብደት ቀንሰዋል? ማታ ማታ ላብ ያጠምቃቸዋል? ቲቢ ታክመው ያውቃሉ ወይስ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ነበር? አንዱም «አዎ» ከተባለ ካፕሱሉ በቀጥታ አይዋጥም። መጀመሪያ የደረት ራጅና የሆድ አልትራሳውንድ፣ ቀጥሎ አንጀቱን የሚሞላ ፈሳሽ ተጠጥቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን ይቀድማል። ባሪየም (በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ነገር) ተጠጥቶ የሚነሣው የቆየው ራጅ አጭር መጥበብን ሊስት ይችላል፤ «ባሪየሙ አልፏል» ማለት «ካፕሱሉ ያልፋል» ማለት አይደለም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የመሞከሪያ ካፕሱልም አለ። መጠኑ ከዋናው እኩል ነው፣ ካሜራ ግን የለውም፤ አካሉ ከላክቶስና ከባሪየም የተሠራ ነው። ከተዋጠ ከ30 ሰዓት ገደማ በኋላ መሟሟት ይጀምራል፣ ስለዚህ ቢቀረቀርም ሟሙቶ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅርጹ ሳይለወጥ ከወጣ መንገዱ ክፍት ነው።

ዋናው ካፕሱል ቢቀር ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ከጠበበው ቦታ በላይ ተቀምጦ ይቆያል። እንደ መንስኤው በመድኃኒት እብጠቱ ሲቀንስ ራሱ ያልፋል፣ ካልሆነ ረጅም ኢንዶስኮፕ ገብቶ ያወጣዋል፣ አለበለዚያ ቀዶ ሕክምና ይሆናል። ቀዶ ሕክምናው ያን ጊዜ የጠበበውን የአንጀት ክፍል አብሮ ስለሚያወጣ ሕመሙንም ያክማል። ይህ ግን ፈርሞ የሚገባበት ነገር ነው፤ የስምምነት ወረቀቱ ላይ «መቅረት» የሚለው ከሌለ ይጠይቁ።

ዝግጅቱ ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ብረቱ 7 ቀን ሲቀረው ይቆማል፤ የአንጀቱን ግድግዳ አጥቁሮ ደም የቱ ጋ እንዳለ ያሳጣል። 3 ቀን ሲቀር ፍሬ ያላቸው ነገሮች ይቁሙ፦ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ዘይቱን፣ የቲማቲም ቆዳና ፍሬ። የተልባ ልጥ ሌንስ ላይ ከተለጠፈ ለሰዓታት የሚታየው እሱ ብቻ ነው። ጫቱም በዚሁ ቀን ይቁም። ምክንያቱ ሁለት ነው። ጫት ጨጓራ ምግቡን ወደ አንጀት የሚለቅበትን ጊዜ እንደሚያዘገይ በምርምር ታይቷል፣ ድርቀቱን ደግሞ ቃሚ ሁሉ ያውቀዋል፤ ካፕሱሉ ጨጓራ ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት ከተቀመጠ ባትሪው ትንሹ አንጀት ሳያልቅ ያልቃል። ሁለተኛው፣ ሳይታወቅ የተዋጠው ቅጠል አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ግድግዳውን ይሸፍናል። ሐራራው አንድ ሁለት ቀን ያስቸግራል፣ እንቅልፍና ድብርት ይመጣል፤ አስቀድመው ይንገሯቸው። «ትንሽ ብቻ ቃምኩ» ካሉም ለባለሙያው ይነገር፣ ቀጠሮውን ማዛወር ካፕሱሉን ከማባከን ይሻላል።

ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ የሚፈቀደው ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው፦ ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ የተጠለለ መረቅ፣ የፖም ጭማቂ። ወተት ያለበት ሆጃ አይሆንም። ካርካዴና ቀይ ሥርም አይሆኑም፤ ቀለማቸው ደም ይመስላል። ማታ አንጀት የሚያጥበው ፖሊኢቲሊን ግላይኮል 2 ሊትር ይጠጣል፣ አንድ ብርጭቆ በየ15 ደቂቃው እየተባለ። ቀዝቀዝ ካለ ይቀላል። ከዚያ ለ10 ወይም ለ12 ሰዓት ምግብ የለም። ጠዋት ካፕሱሉ ከመዋጡ በፊት ሲሜቲኮን ይሰጣል፤ አረፋውን ያጠፋል፣ ያለ እሱ ምስሉ በሳሙና አረፋ የተሞላ ይሆናል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው የዚያን ዕለት መጠን በሐኪሙ ያስቀንስ፤ ኢንሱሊን እንደወትሮው ተወግቶ ባዶ ሆድ መዋል አደገኛ ነው። ይህን ሁሉ ድሬዳዋ ጠጥተው አውቶቡስ ላይ መውጣት አይታሰብም። ካፕሱሉ የሚዋጠው አዲስ አበባ ከሆነ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ደርሰው እዚያው ይዘጋጁ። ሄሞግሎቢናቸው 8 አካባቢ ከሆነ ከድሬ ቆላ ወደ አዲስ አበባ ከፍታ ሲወጡ የትንፋሽ ማጠሩ ይብስባቸዋል፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ደም ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ብረት ይፈልግ እንደሆነ ይወስን።

በዕለቱ ካፕሱሉ ከእሽጉ ሲወጣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል። እሽጉ ውስጥ ያለ ማግኔት ነው አጥፍቶ የያዘው፤ ከማግኔቱ ሲለይ ባትሪው ይነሣል። ብልጭታውንና መቅጃ ሳጥኑ ምስል መቀበሉን ሳያዩ አይዋጥ። አንዴ ከእሽጉ ከወጣ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ቁጭ ብለው ይውጡት፣ አይታኘክም። የሚለጠፉት አንቴናዎች ላብ ያለበት ቆዳ ላይ ይላቀቃሉ፤ ሙቀት ባለበት ከተማ በስስ ልብስ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ይመረጣል። አንድ ሰዓት ሲሞላ ባለሙያው በመመልከቻው ካፕሱሉ ከጨጓራ መውጣቱን ያረጋግጥ። ካልወጣ ሜቶክሎፕራማይድ 10 ሚሊ ግራም ይሰጣል፣ በቀኝ ጎን መተኛትና መንጎራደድም ይረዳል፤ ያም ካልሆነ በኢንዶስኮፕ ይገፋል። ይህን ሳያይ «ማታ ተመለሱ» ብሎ የሚያሰናብት ቦታ ጥሩ ምልክት አይደለም። ከተዋጠ 2 ሰዓት ሲሞላው ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ 4 ሰዓት ሲሞላው ቀለል ያለ ምግብ ይቻላል። መቅጃው ላይ ያለችው መብራት እየበራች መሆኗን በየ15 ደቂቃው ይመልከቱ፤ ሽቦው ከተነቀለ የዚያ ሰዓት ምስል አይመለስም። ቀበቶው እስኪያልቅ አይፈታም፣ ገላም አይታጠቡም።

አብዛኛው ሰው ካፕሱሉን በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ያወጣዋል። የጉድጓድ ሽንት ቤት ላይ ማየት ስለማይቻል ፖፖ ይጠቀሙ። ካላዩት አይደንግጡ፣ ቪዲዮው ትልቁ አንጀት መድረሱን ካሳየ አልፏል። ካላሳየና ካላዩት በ2 ሳምንት ቀላል የሆድ ራጅ ይነሣ፤ ካፕሱሉ ውስጡ ብረት ስላለ በግልጽ ይታያል፣ ለዚህ አዲስ አበባ መመለስ አያስፈልግም። እስኪረጋገጥ ድረስ ኤምአርአይ ክልክል ነው። በመካከሉ የሚጸና የሆድ ቁርጠት፣ ማስመለስና የሆድ መነፋት ከመጣ ሁለቱን ሳምንት አይጠብቁ።

ኢንተርኔት ላይ ስለሚሸጠው፦ ካፕሱል ለብቻው ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ ኩባንያ የሚሠራው ካፕሱል የሚነጋገረው ከራሱ መቅጃ ጋር ብቻ ነው፤ መቅጃው፣ ቀበቶውና ማንበቢያ ፕሮግራሙ ከሌለ የተዋጠው ነገር ሆድ ውስጥ መብራት እያበራ ማለፉ ብቻ ነው። ካፕሶካም የሚባል ምስሉን በራሱ ውስጥ የሚያስቀምጥ አለ፤ እሱ ግን ከሰገራ ተለቅሞ ወደ ማንበቢያ መመለስ አለበት። ከዚህም ባሻገር ባትሪው ጊዜ ያልፍበታል፣ ሙቅ መጋዘን ውስጥ የከረመ ዕቃ ደግሞ በመካከል ይጠፋል።

ኢንተርኔት ላይ ካሜራ የሌላቸው ካፕሱሎችም ስም ያጋጥምዎታል፤ ለእናትዎ ጥያቄ አይመልሱም፣ ሥራቸው ሌላ ነውና። በ1957 እ.ኤ.አ. ማኬይና ያኮብሰን ከሰውነት ውስጥ በራዲዮ ልኬት የሚልክ ካፕሱል አሳይተው ነበር፤ ከካሜራው ይቀድማል ማለት ነው። ከዚያ ዘር የሆነው ስማርትፒል አሲድነትን፣ ግፊትንና ሙቀትን ይለካ ነበር። አሠራሩ ያምራል፦ ጨጓራ ውስጥ አሲዱ ብርቱ ነው፤ ካፕሱሉ ወደ ትንሹ አንጀት ሲያልፍ ፒኤቹ (አሲዱ ሲቀንስ ከፍ የሚለው ልኬት) በአንዴ ይዘላል፤ ትልቁ አንጀት ሲገባ ባክቴሪያዎች በሚያብላሉት አሲድ ምክንያት እንደገና ዝቅ ይላል፤ ከሰውነት ሲወጣ ሙቀቱ ይወርዳል። በእነዚህ ምልክቶች ምግብ የት ስንት ሰዓት እንደቆየ ይታወቃል። ከጨጓራ ለመውጣት ከ5 ሰዓት በላይ ከወሰደ ዝግ ያለ ጨጓራ፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ከ59 ሰዓት በላይ ከቆየ ዝግ ያለ አንጀት ይባላል። ይህ ካፕሱል አሁን ከገበያ ወጥቷል። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራው ደግሞ ኦክስጅን፣ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል፤ በሰው ላይ የተሞከረበት ውጤት በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ለድርቀትና ለመነፋት ተስፋ አለው፣ ደም የሚፈስበትን ቦታ ግን አያሳይም።

ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ስልክ ደውለው ይጠይቁ፦ ካፕሱሉ አሁን እጃቸው ላይ አለ ወይስ ሊታዘዝ ነው? የአገልግሎት ጊዜው መቼ ያበቃል? ዋጋው ንባቡን ይጨምራል? ቪዲዮውን የሚያነበው ማን ነው? አንድ ቪዲዮ በጥንቃቄ ለማንበብ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በአሥር ደቂቃ የተነበበ ሪፖርት ብዙ አይታመንም። ካፕሱሉ ባይሠራ ወይም ትልቁ አንጀት ሳይደርስ ባትሪው ቢያልቅ ክፍያው ምን ይሆናል? ሲሄዱም የሁለቱን ኢንዶስኮፒ ሪፖርት፣ የሄሞግሎቢኑን ውጤት ከነቀኑ፣ የመድኃኒት ዝርዝርና የተቀበረ የልብ ምት ማስተካከያ (ፔስሜከር) ካለ ካርዱን ይያዙ። ደም እየታየ ከሆነ የመገኘት ዕድሉ ከፍ የሚለው በ48 ሰዓት ውስጥ ሲዋጥ ነው፤ የእናትዎ ግን ስውር ስለሆነ የቀናት ጥድፊያ የለበትም።

ውጤቱ ሲመጣ ሪፖርቱ ካፕሱሉ ከጨጓራ የወጣበትን ሰዓት፣ ትልቁ አንጀት የደረሰበትን ሰዓትና የዝግጅቱን ንጽሕና መጻፍ አለበት። እነዚህ ከሌሉ «ምንም አልተገኘም» የሚለው አይታመንም። ቁስል ከታየ ማስታገሻው ለዘለቄታው ይቀራል፤ መጥበብ ካለበት ወይም ቲቢ ካስጠረጠረ ናሙና የሚወስድ ረጅም ኢንዶስኮፒ ይቀጥላል። የሰፋ ትንሽ የደም ሥር ከተገኘ፣ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፣ በዚያው ረጅም ኢንዶስኮፕ ይተኮሳል፤ እሱ ከሌለ በብረት ብቻ ዓመታት የሚቆዩ አሉ። ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ይቀጥላል፣ ሄሞግሎቢኑ መጀመሪያ በየወሩ፣ ሲረጋ በየሦስት ወሩ ይለካል። ካፕሱሉን ዳግም የሚያስውጠው ሁለት ነገር ነው፦ ስውር የነበረው ደም በዓይን የሚታይ ሲሆን፣ ወይም ሄሞግሎቢኑ በ4 ግራምና ከዚያ በላይ ሲወርድ።